የሚያፈስ ሻወርና አሮጌ ቤት

ቤት መግዛት አብዛኛው ቤተሰብ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጽመው ከባድ ጉዳይ ነው። ለዓመታት በዕቁብና በባንክ የተጠራቀመ ገንዘብ፣ ከዘመድ የተገኘ ብድር፣ አንዳንድ ጊዜም የእናት ወርቅ ተሸጦ የተገኘ ጥሪት በአንድ ቀን ፊርማ ከእጅ ይወጣል። ይሁን እንጂ ገዢዎች የሚሸጠውን ቤት ሊያዩ ሲሄዱ በአመዛኙ የሚመለከቱት ግቢውን፣ ሳሎኑን፣ የጣሪያውን ቆርቆሮና የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ነው። የመታጠቢያ ክፍሉን በር ገፋ አድርገው ያዩና «ይህም አለው» ብለው ይመለሳሉ። ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ ብዙ ነገር የሚደብቀው ግን ይኸው ትንሽ ክፍል ነው።

ይህን የምታነቡ ተማሪዎች ዛሬ ቤት ገዢዎች አይደላችሁ ይሆናል። ሆኖም ወላጆቻችሁ ቤት ሊያዩ ሲሄዱ አብራችሁ መሄዳችሁ፣ ውል ሲጻፍም «እስቲ ይህን አንብቡልን» መባላችሁ አይቀርም። ስለዚህ የሚያፈስ ሻወር ስለ ቤቱ ምን እንደሚናገር፣ እንዴት እንደሚመረመርና ጉዳዩ በውል ላይ እንዴት እንደሚሰፍር ብታውቁ ለቤተሰባችሁ ትጠቅማላችሁ።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የሾላ ገበያን አካባቢ እንውሰድ። ሾላ ገበያ ከመገናኛ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ በቅቤና በቅመማ ቅመም ንግዱ የታወቀ ገበያ ነው። ከገበያው ወደ ሰሜን ሲሄዱ መሬቱ ወደ እንጦጦ ተራሮች ግርጌ ከፍ እያለ ይሄዳል። በእነዚህ ሰፈሮች ከድንጋይና ከብሎኬት የተሠሩ ቤቶች ከጭቃ ቤቶች ጋር ጎን ለጎን ሲቆሙ የኖሩ ሲሆን፣ ለሽያጭ ከሚቀርቡት መካከልም አርባና ሃምሳ ዓመት ያስቆጠሩ ይገኛሉ። (እንዲህ ያለውን ቤት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ከክፍለ ከተማው ጠይቆ መረዳት አለበት። ይህ ሳይታወቅ ስለ ሻወር ማውራት ከንቱ ድካም ነው።)

የጭቃ ቤት ግድግዳ እንዴት እንደሚሠራ አስታውሱ። የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ይተከላሉ፤ ማገር ይመታባቸዋል፤ ከጭድ ጋር የተቦካ ጭቃ ይመረግባቸዋል፤ በመጨረሻም ልስንና ቀለም ያርፍባቸዋል። ይህ ግድግዳ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ብዙ ዘመን ያገለግላል። እርጥበት ሲዘልቀው ግን ጭቃው መያያዙን ይለቃል፣ ውስጡ ያለው እንጨትም ይበሰብሳል። ከውጭ የተቀባው ቀለም ሳይነካ የቋሚው እግር አልቆ ሊገኝ ይችላል።

ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ በተሠሩ ጊዜ ሻወር አልነበራቸውም። ገላ የሚታጠበው በሳፋ ነበር፤ መጸዳጃውም ከቤት ርቆ በግቢው ጥግ ይቆፈር ነበር። የቧንቧ ውሃ በ1880ዎቹ ዓመታት ከእንጦጦ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲወርድ ለከተማው ሕዝብ እንደ ተአምር ነበር እንጂ የየቤቱ አገልግሎት አልነበረም። የቧንቧ መስመር ወደየግቢው እየገባ የሄደው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ በአሮጌ ቤት ውስጥ የምታዩት ሻወር ብዙውን ጊዜ በኋላ የተጨመረ ነው። ከጓዳው ተቆርሶ፣ ወይም ከጀርባ በብሎኬት ተቀጥሎ ይሠራል። አሮጌው የጭቃ ግድግዳና አዲሱ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ እኩል አይሰምጡም፣ እኩልም አይነቃነቁም፤ በተጋጠሙበት መስመር ላይ ስንጥቅ ይፈጠራል። ውሃም መንገዱን ያገኘው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋ እንመለስ፤ ጉዳዩ ከሰዋስው የራቀ መስሎ ቢታይም አይደለም። ገዢው በግድግዳው ላይ ቡናማ ቦታ አይቶ ሲጠይቅ ደላላው «ትንሽ እርጥበት ናት» ይለዋል። «እርጥበት» ስም ነው፤ ስም ደግሞ ነገሩ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተደረገ አይናገርም። ድርጊትን የሚናገረው ግሥ ነው። አማርኛችን በዚህ በኩል ባለጸጋ ስለሆነ ጠያቂው ስሙን ትቶ ግሡን መፈለግ አለበት። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል? ያዣል? ይሰርጋል? ወይስ ግድግዳው ወርዝቶ ነው? እነዚህ አራቱ የተለያየ ምክንያት፣ የተለያየ መድኃኒት፣ እጅግም የተለያየ ዋጋ አላቸው።

ጠብ ጠብ የሚል ሻወር ከተዘጋ በኋላ ከራሱ ላይ ጠብታ የሚጥል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመክፈቻው ውስጠኛ ጎማ አልቋል፤ ወይም ጎማው የሚያርፍበት ብረት ተበልቷል። ይህ በግልጽ የሚታይና በቀላሉ የሚጠገን ነው። ቢሆንም መናቅ የለበትም። በሰዓት 1 ሊትር የሚያንጠባጥብ ሻወር በቀን 24 ሊትር፣ በ30 ቀን 720 ሊትር ያባክናል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 36 ጊዜ ሞልቶ እንደመድፋት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የሚኖር ሰው 36 ጄሪካን ምን ማለት እንደሆነ ነጋሪ አያሻውም።

የሚያዥ ግድግዳ ከዚህ የከፋ ነው። ቁስል እንደሚያዠው ሁሉ፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ቀስ እያለ ውሃ ይለቃል። አሮጌዎቹ የብረት ቧንቧዎች ዚንክ የተለበጡ ናቸው። ልባጩ በጊዜ ብዛት ሲያልቅ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፤ በተለይም ጥርስ ወጥቶለት ሌላ ቧንቧ በተጋጠመበት ቦታ ላይ ብረቱ ስለሚሳሳ ቀድሞ የሚበሳው እዚያ ነው። የሚያዥ ቧንቧ ሰው ታጠበም አልታጠበም ሥራውን አያቋርጥም፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ውሃ ሁልጊዜ ግፊት አለበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት አካባቢ ግን አንድ ጠቃሚ ምልክት ይሰጣል፦ ውሃ በመጣበት ቀን ቦታው ይሰፋል፣ በጠፋበት ቀን ይጠባል። በቤቱ ላይ ሮቶ ካለ ይህ ምልክት ሊደበዝዝ ይችላል፤ የሮቶው ውሃ የመንገዱ መስመር በሌለ ጊዜም ቧንቧውን ይገፋዋልና።

የሚሰርግ ውሃ ደግሞ የሚመጣው ሰው ሲታጠብ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግድግዳው ሴራሚክ ከለበሰ ውሃ አያልፈውም ብሎ ያምናል። ሴራሚኩ እውነትም አያሳልፍም፤ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ቀጭን የሲሚንቶ መሙያ ግን ሲሰነጠቅ ያሳልፋል፣ ከሥሩ ያለው ልስንም ውሃ ይጠጣል። ከሁሉም የሚደክመው ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ማዕዘንና የውሃ መውረጃው ዙሪያ ነው። ግንበኛው ከንጣፉ በታች ውሃ የሚከለክል ሽፋን ካላነጠፈ፣ ወለሉንም ወደ መውረጃው ተዳፋት አድርጎ ካልሠራ፣ የተኛው ውሃ ቀን ከሌት ወደ ታች ይሰርጋል። በጭቃ ቤት ውስጥ ይህ ውሃ የሚደርሰው ከቋሚዎቹ እግር ነው።

የወረዛ ግድግዳ ግን ምንም የሚያፈስ ነገር ላይኖረው ይችላል። የአዲስ አበባ ሌሊትና ማለዳ ብርድ ነው፤ የሙቅ ውሃ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ወደ ጠብታነት ይለወጣል። መስኮት በሌለው ክፍል በየማዕዘኑ ጥቁር ሻጋታ ይፈጠራል። መድኃኒቱ የአየር መውጫ መክፈት ነው። ይህን ያልተረዳ ገዢ ጤናማ ቤት ጥሎ ይሄዳል፤ ወይም ቤቱን ገዝቶ ጤናማ ግድግዳ ያስፈርሳል።

አራቱን ለመለየት ዐይን ብቻ አይበቃም፤ ውሃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤቱን ውሃ በሚመጣበት ቀን ሄዳችሁ እዩ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቧንቧው ደረቅ በሆነበት ቀን የተጎበኘ መታጠቢያ ቤት ሁሉ ደህና ይመስላል። ሻጩ «ዛሬ ውሃ የለም እንጂ ደህና ነው» ካለ ውሃ በሚኖርበት ቀን መመለስ የገዢው መብት ነው። ያን ቀን የሚጠላ ሻጭ ካጋጠመ ነገሩ ራሱን የቻለ መልስ ነው።

መጀመሪያ የሚመረመረው ቆጣሪው ነው። ሮቶ ካለ እስኪሞላ ይጠበቅና መግቢያው ይዘጋል፤ የቤቱ ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጋሉ፤ ማንም ሰው ውሃ እንዳይጠቀም ይነገራል። ከዚያም በቆጣሪው ላይ ትንሿን መሽከርከሪያና የመጨረሻውን ቁጥር ጽፋችሁ ያዙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ፣ ቆጣሪው ካለበት ቦታ እስከ ቧንቧዎቹ ባለው መስመር የሆነ ቦታ ውሃ እየወጣ ነው። ቤቱ ውሃ የሚያገኘው ከሮቶው ብቻ ከሆነ ግን ቆጣሪው ምስክር አይሆንም፤ በዚህ ጊዜ የሮቶውን የውሃ ልክ ምልክት አድርጎ መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ ወለሉ ይፈተናል። በፌስታል የተጠቀለለ ጨርቅ በመውረጃው ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ክተቱ፤ ከበሩ ደፍ ሳያልፍ ሁለት ጣት ያህል ውሃ በወለሉ ላይ አጠራቅሙ፤ የውሃውን ልክ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ከተቻለ እስከ ማግሥቱ፣ ካልተቻለም ለጥቂት ሰዓቶች ይቆይ። ውሃው ከምልክቱ በግልጽ ከጎደለ፣ ወይም ከግድግዳው ማዶ ባለው ክፍል እርጥብ መስመር ከታየ፣ ወለሉ ይሰርጋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ጨርቁን አውጡና ባልዲ ሙሉ ውሃ፣ ግድግዳውን ሳትነኩ፣ በቀጥታ ወደ መውረጃው አፍስሱ፤ በዚህ ጊዜ ብቻ ከታች ወይም ከጎን ውሃ ከታየ ችግሩ የፍሳሽ ቧንቧው ነው። በመጨረሻ ሻወሩን ከፍታችሁ ወደ ግድግዳው አዙሩት። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግድ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚከፍት ሰው ውሃ መውጣቱን ያያል እንጂ ከየት እንደወጣ አያውቅም።

ውሃ የገባበትና የታየበት ቦታ አንድ አይደለምና ከመታጠቢያ ክፍሉ ውጡ። የሚዋሰነውን መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ጀርባ ተመልከቱ። በልስኑ ላይ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ካለ ውሃ በዚያ ግድግዳ ውስጥ አልፎ ደርቋል። ሴራሚኩን በጣት አጥንት ስትኮረኩሙት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ከሥሩ ለቋል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ያለውን ልስን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ የሚሰረጎድ ከሆነ የውስጡ ነገር ተበላሽቷል። ቤቱ በሙሉ አሮጌ ቀለም ተቀብቶ ሳለ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ። አፍንጫችሁንም አትናቁት፤ በር ተዘግቶ ከዋለ ክፍል የሚወጣ የሻጋታ ሽታ በቀለም አይሸፈንም።

በየካ ተዳፋት ላይ ላሉ ቤቶች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም በክረምት ወራት ይወርዳል። ተራራው ሥር ያለው መሬት በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ይጠግባል። ቤቱ ከተዳፋቱ ተቆርሶ በወጣ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ወደ ተራራው የዞረው ግድግዳ ከአፈሩ ውሃ ይቀበላል። መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በጀርባ በኩል ስለሚሠራ፣ ከተራራው የመጣው ውሃ በሻወሩ ይሳበባል። ልዩነቱን ወራቱ ይነግራችኋል፦ ከመስቀል በኋላ እየደረቀ የሚሄድ እርጥበት የዝናብ ነው፤ በጥርና በየካቲትም እንዳለ የሚቆይ የቧንቧ ነው። ለዝናቡ መፍትሔው ከግድግዳው ጀርባ የውሃ መውረጃ ቦይ መቆፈር ሲሆን፣ ቧንቧ መቀየር ምንም አይረዳም። በበጋ የሚገዛ ሰው ጎረቤት ይጠይቅ። ጎረቤት ኮሚሽን የለውምና እውነቱን ይናገራል።

ስለ ገንዘብ ከመናገራችን በፊት ስለ ነፍስ እንናገር። ብዙ ሰው በሻወሩ ራስ ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወይም ቦይለር ይጠቀማል። እርጥብ ግድግዳ ውስጥ ያለፈ አሮጌ ሽቦ መሸፈኛው ከተላጠ ግድግዳውም፣ ቧንቧውም፣ በወለሉ ላይ የተኛው ውሃም ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ቧንቧ ስትነኩ ትንሽ እንኳ የመንዘር ስሜት ከተሰማችሁ እጃችሁን አንሡ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ የቤቱ ኤሌክትሪክ ከዋናው ማጥፊያ እንዲጠፋ አድርጉ። ፈተናውም የሚቀጥለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይቶት፣ የመሬት ሽቦ መኖሩን አረጋግጦ ሲያበቃ ነው። ከላይ የተነገሩት የውሃ ፈተናዎች ሁሉ ማሞቂያው ጠፍቶ ይደረጉ።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ ዋጋውን መገመት ይቻላል። የመክፈቻ ጎማ መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። የተሰነጠቀ መሙያ ጠርጎ እንደገና መሙላት የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሽፋን ከተበላሸ ግን መሙያ መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ መጠቅለል ይሆናል። የተቀበረ ቧንቧ ለመቀየር ሴራሚኩ ይፈርሳል። ዛሬ ብዙ የቧንቧ ሠራተኞች አሮጌውን ብረት በግድግዳ ውስጥ ትተው አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ በሌላ መስመር ይዘረጋሉ፤ ይህ ርካሽና ብልህ ዘዴ ነው። ወለሉ ከሰረገና የቋሚዎቹ እግር ከበሰበሰ ግን ጉዳዩ የሻወር ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ጉዳይ ይሆናል። በእኔ አስተያየት በዚህ ደረጃ ላይ ያለ የጭቃ ግድግዳ በሻወር በኩል ፈርሶ ከመሠረቱ በድንጋይና በብሎኬት መሠራት አለበት፤ ጥገና ገንዘብ መጨረስ ነው። ደላላው ያመጣውን ሠራተኛ ሳይሆን ራሳችሁ የመረጣችሁትን ግንበኛና የቧንቧ ሠራተኛ አሳይታችሁ ግምቱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ገዢው ሦስት መንገድ አለው። ሻጩ ከርክክቡ በፊት እንዲጠግን ያደርጋል፣ ወይም በግምቱ ልክ ከዋጋው ያስቀንሳል፣ ወይም ቤቱን ይተዋል። ከሁለቱ የመጀመሪያዎቹ የዋጋ ቅነሳው የተሻለ ይመስለኛል፤ ለቆ የሚሄድ ሰው የሚያሠራው ጥገና ላይ ላዩን መሆኑ የተለመደ ነውና። አራተኛ መንገድ፣ ይኸውም አይቶ ዝም ማለት፣ አደገኛ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስትና እንዳለበት ይደነግጋል። ነገር ግን ገዢው ያወቀውን፣ ወይም በጣም ግልጽ ስለሆነ ሳያየው ሊቀር የማይገባውን ጉድለት ይህ ዋስትና አይሸፍንም። ስለዚህ ሻወሩ ሲያፈስ አይቶ ምንም ሳያጽፍ የፈረመ ሰው በኋላ ቢከስ «አይተህ አልገዛህምን?» ይባላል። በቃል የተሰጠ ተስፋም አይረዳውም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ እንደማይጸና የዚሁ ሕግ ቁጥር 2877 ይናገራልና ዳኛ የሚያነበው የተጻፈውን ነው።

እንግዲህ በተለምዶ ውልና ማስረጃ ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የውሉን ረቂቅ በሰዋስው ዐይን አንብቡ። በብዙ ረቂቅ ላይ «ሻወሩ ይጠገናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገኛል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «ሻወሩ» ነው፤ ሻወር ግን ራሱን አይጠግንም። ግሡ ተደራጊ በመሆኑ አድራጊው ተሰውሯል። ማን ይጠግናል? በማን ገንዘብ? እስከ መቼ? መጠገኑስ በምን ይታወቃል? ግሡን ወደ አድራጊ መልሱትና እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

«ሻጭ የመታጠቢያ ክፍሉን ወለልና በምሥራቅ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን የውሃ ቧንቧ በራሱ ወጪ፣ ቤቱን ከማስረከቡ በፊት ያስጠግናል። ጥገናው ካለቀ በኋላ ገዢ መውረጃውን ዘግቶ በወለሉ ላይ ለ24 ሰዓት ውሃ በማቆም ይፈትናል። ውሃው ከሰረገ ወይም ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው ሳለ ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ፣ ገዢ ከቀሪው ክፍያ ላይ ከዚህ ውል ጋር በተያያዘው ግምት የተመለከተውን ገንዘብ ቀንሶ ያስቀራል።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ዋና ግሥ አድራጊ አለው፤ ያስጠግናል የተባለው ሻጭ ነው፣ ይፈትናል የተባለው ገዢ ነው። «የምሥራቅ ግድግዳ» መባሉም ትርፍ ቃል አይደለም፤ አራት ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ «ግድግዳው» ብቻ ቢባል ሻጭ ቀላሉን መርጦ ሊያስጠግን ይችላል። ቀሪ ክፍያ የሚለው ሐረግ ደግሞ ዋጋው በሙሉ በፊርማው ቀን እንዳልተከፈለ ያሳያል፤ ሁሉን ከፍሎ ለጨረሰ ገዢ ግን የሚቀንሰው ገንዘብ ስለማይኖረው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ዋጋ አይኖረውም።